የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማዕቀብ የተጣለባት ሩሲያ እንዴት ስንዴ ትሸጣለች?

ጥያቄ፦ በአዳማ ከተማ ዳቦ ቤት አለኝ። የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ የስንዴንና የማዳበሪያን ዋጋ መከታተል ግድ ሆኖብኛል። ምዕራባውያን በሩሲያ ላይ ማዕቀብ በማዕቀብ ላይ እንደ ደራረቡ እሰማለሁ፤ ሩሲያ ግን አሁንም በዓለም ገበያ ቀዳሚዋ ስንዴ ሻጭ ናት። ታዲያ ማዕቀቡ እርሻዋን አልነካውም ማለት ነው? የሕዝቧስ ኑሮ እንዴት ነው?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ነገሩ ግራ የሚያጋባው ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች አንድ ላይ ስለሚወሩ ነው። አንደኛው ምዕራባውያን በሩሲያ ላይ የጣሉት ማዕቀብ ነው፤ ሌላው ሩሲያ ራሷ በምዕራባውያን የምግብ ምርት ላይ ያወጀችው እገዳ ነው። በተራው ሩሲያዊ ገበታ ላይ ቀድሞ የተሰማው ይህ ሁለተኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሩሲያ የዩክሬንን ግዛት ክሪሚያን ከያዘች በኋላ ምዕራባውያን በባንኮቿ፣ በነዳጅ ዘርፏና በባለሥልጣናቷ ላይ ማዕቀብ ጣሉ። ፕሬዚዳንት ፑቲን ለዚህ አጸፋ ኦገስት 6 ቀን 2014 በፈረሙት ድንጋጌ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያና ከኖርዌይ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ አይብ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንዳይገባ ታገደ። በዓመቱ ደግሞ በኮንትሮባንድ የገባው ምግብ በተያዘበት እንዲወገድ ታዘዘ፤ በቤልጎሮድ ክፍለ ግዛት ቶን በቶን የተከመረ አይብ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ በከባድ ማሽን ሲደመሰስ በቴሌቪዥን ታየ። ምግቡ ለድሆች ይሰጥ ብለው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሩሲያውያን ፊርማ አሰባሰቡ፤ የሚሰማቸው ግን አላገኙም። በዚያች አገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሌኒንግራድን ከተማ ከበባና ረሃብ በዓይናቸው ያዩ አረጋውያን ገና በሕይወት ነበሩ። ይህ ድርጊት በምንም ፖለቲካዊ ምክንያት የሚታለፍ ነው ብለን አናምንም።

እገዳው ለአገሬው አምራች የጠቀመው ነገር እንዳለ መካድ አይቻልም። የውጭ ተወዳዳሪ በመወገዱ፣ የሩብል ዋጋ በመውደቁ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ በመወደዱና መንግሥት በዝቅተኛ ወለድ ብድር በማቅረቡ፣ አስቀድሞ ማደግ የጀመረው የዶሮና የአሳማ እርባታ እጅግ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካን የዶሮ እግር በገፍ ታስገባ የነበረችው አገር ዛሬ የዶሮና የአሳማ ሥጋ ወደ ውጭ ትልካለች። የወተት ነገር ግን ይለያል፤ አንዲት ላም እስክትወልድና እስክትታለብ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ከገበያ የጠፋውን የአውሮፓ አይብ ለመተካት የተሠራው ብዙው ምርት የዘንባባ ዘይት የተቀላቀለበት ነበር። ዋጋውን የከፈለው ሸማቹ ነው።

ወደ ስንዴው እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ2022 በኋላም ቢሆን አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት የሩሲያን እህል በቀጥታ በማዕቀብ አላገዱም፤ ቢያግዱት ኖሮ ቀድሞ የሚጎዳው የግብፅና የሌሎች የአፍሪካ አገሮች ዳቦ በላተኛ ነበር። በዚያ ዓመት ሩሲያ ከ150 ሚሊዮን ቶን በላይ እህል አመረተች፤ ከዚህ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ የሚሆነው ስንዴ ነው። እንቅፋቱ የመጣው በዙሪያው ባለው ሥራ ነው፤ ክፍያ የሚያስተላልፍ ባንክ፣ መርከብ የሚያከራይ ባለንብረትና ለጭነቱ ዋስትና የሚሰጥ የመድን ድርጅት ከሩሲያ ጋር መሥራትን ፈሩ። የግብርናው ባንክ ሮስሴልሆዝባንክ ስዊፍት ከተባለው ዓለም አቀፍ የክፍያ መረብ እንዲወጣ መደረጉ፣ የዩክሬን እህል በጦርነቱ መካከል በመርከብ እንዲወጣ የፈቀደውን የጥቁር ባሕር የእህል ስምምነት ሩሲያ በጁላይ 2023 ስትተው ካቀረበቻቸው ቅሬታዎች አንዱ ነበር። ይህ ስምምነት እኛንም ይመለከተናል፤ በኦገስት 2022 ብሬቭ ኮማንደር የተባለችው መርከብ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ለኢትዮጵያ እርዳታ ጭና በጅቡቲ የደረሰችው በእርሱ መሠረት ነው።

የሩሲያ ገበሬ ግን ስንዴው በደህና ተሸጠ ማለት ኪሱ ሞላ ማለት አይደለም። መንግሥት የአገር ውስጥ የዳቦ ዋጋ እንዳይንር በማለት ከጁን 2021 ጀምሮ ወደ ውጭ በሚላክ ስንዴ ላይ ከዋጋው ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ቀረጥ ጥሏል፤ ከተወሰነ መነሻ ዋጋ በላይ ከሚገኘው ገንዘብ 70 በመቶውን ይወስዳል። ነጋዴው ይህን ቀረጥ ቀንሶ ስለሚገዛ ሸክሙ የሚያርፈው በገበሬው ላይ ነው፤ በጥቁር ባሕር ዳር ካለው የኖቮሮሲይስክ ወደብ እጅግ የራቀው የሳይቤሪያ ገበሬ ደግሞ የባቡር ኪራዩም ይጨመርበታል። በተጨማሪም በአርሲና በባሌም ስማቸው የታወቀው የጆን ዲርና የክላስ ኩባንያዎች የኮምባይነር አቅርቦት ሲስተጓጎል፣ መለዋወጫው በሦስተኛ አገር በኩል ዞሮ በውድ ይገባል፤ ለብድር የሚከፈለውም ወለድ ከብዷል፤ ማዕከላዊ ባንኩ በኦክቶበር 2024 መሠረታዊ የወለድ ምጣኔውን 21 በመቶ አድርሶት ነበር።

በእኛ ግምት ትልቁ ድክመት ያለው ከማሳው በፊት ነው። ስንዴውን ሩሲያ በራሷ ዘር ትዘራለች፤ ስኳር የሚወጣበትን ሹገር ቢት ግን ለረጅም ጊዜ ከሞላ ጎደል በአውሮፓ ዲቃላ ዘር ስትዘራ ኖራለች፤ ለሱፍና ለበቆሎም የውጭ ዘር ያስፈልጋታል። በ2020 የታደሰው የምግብ ዋስትና ሰነዷ የአገር ውስጥ ዘር ድርሻ 75 በመቶ እንዲደርስ ግብ ያስቀመጠው ለዚህ ነው።

እንቁላል ይህን በጉልህ አሳይቷል። ለርቢ የሚሆኑ እንቁላሎች፣ ክትባትና የመኖ ቅመሞች በብዛት ከውጭ ይመጣሉ፤ ክፍያውና መጓጓዣው ሲወሳሰብ፣ በዚያ ላይ ሠራተኛ ሲጠፋና ፈላጊው ሲበዛ፣ በ2023 መጨረሻ የእንቁላል ዋጋ ሰማይ ነካ። በዲሴምበር በተላለፈ የቀጥታ ሥርጭት አንዲት ጡረተኛ ስለ እንቁላልና ስለ ዶሮ ዋጋ ሲያማርሩ ፑቲን ይቅርታ ጠየቁ፤ ጥፋቱም የመንግሥት ሥራ ጉድለት መሆኑን ተናገሩ። ከዚያም በ2024 መጀመሪያ ስድስት ወራት 1.2 ቢሊዮን እንቁላል ያለ ቀረጥ እንዲገባ ተፈቀደ። ሕዝቡ አልተራበም፤ ከጡረታ አበሉ ለምግብ የሚያወጣው ግን ጨምሯል።

ጥያቄ፦ እህልን የፖለቲካ መቅጫ ለማድረግ ከዚህ በፊት በሩሲያ ላይ ተሞክሮ ያውቃል? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ አዎን። ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታንን ስትወር፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር በጃንዋሪ 1980 ሊላክላት የነበረ 17 ሚሊዮን ቶን ያህል እህል አገዱ። ሞስኮ ፊቷን ወደ አርጀንቲና አዞረች፤ የአሜሪካ ገበሬዎች ገበያቸውን አጥተው አጉረመረሙ፤ ካርተርን የተኩት ፕሬዚዳንት ሬጋን በኤፕሪል 1981 እገዳውን አነሡ። በ1983 ሁለቱ መንግሥታት ሶቪየት ኅብረት በየዓመቱ ቢያንስ 9 ሚሊዮን ቶን የአሜሪካ እህል እንድትገዛ ተፈራረሙ። የሶቪየት ጦር ግን ያን ጊዜም ከአፍጋኒስታን አልወጣም ነበር።