ስኩተርህ ዳገት እምቢ ያለችው ቤንዚን አንሷት አይደለም

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን አየሁት። ደብረ ማርቆስ ነህ፣ 125 ሲሲ የቻይና ስኩተር ገዝተሃል። ሜዳ ላይ ደህና ናት፣ ዳገት ላይ ትንፋሿ ይጠፋል። ጧት በግድ ነው የምትነሳው፣ ማርሚታዋም ጥቁር ጭስ ይተፋል። መካኒኩ «ሞተሩ ይውረድ» ብሎሃል። አንተ ደግሞ እቤቴ ልሠራት እችላለሁ ወይ፣ በዚያውስ ቀለሟንና መብራቷን ልቀይር ወይ ትላለህ።

ትችላለህ። ሞተሩን ግን እንዳታስወርድ። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ጋራዥ እንዳትሄድ። የእኔም ቁርጥ እንደ አንተዋ ነበረች፤ ስለዚህ ነገርህ ሳላያት ይገባኛል። ዘይት መቀየርና ጎማ መንፋት የሚያቅትህ ሰው አትመስለኝምና እሱን እዘለዋለሁ።

1. ካንዴላዋን፣ ሞተሩ ውስጥ የእሳት ብልጭታ የምትሰጠውን፣ ፍታ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ እንጂ ትኩሱን አትንካው። ጫፏ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ናት። ደረቅ ጥላሸት ለብሳ ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል። ጥቁር ሆና ቅባት ቅባት ካለች ዘይት እየሾለከ ነው፤ ያኔ መካኒክህ ልክ ሊሆን ይችላል። የአንተዋ ግን ደረቅ ጥላሸት እንደምትሆን እወራረዳለሁ። በሽቦ ብሩሽ አጽዳት፣ የጫፏን ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር አድርገህ መልሳት።

2. ካርቡሬተሩ። ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ሚስጥሩም ያለው እዚህ ነው። አብዛኞቹ የቻይና ስኩተሮች የሚይዙት ጂዋይ6 የሚባለውን ሞተር ነው። መሠረቱ የሆንዳ ንድፍ ሆኖ ብዙ ፋብሪካ ያመርተዋል። ካርቡሬተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚስተካከለው ለቆላ አየር ነው። ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ ግን እንደ ልማዱ ይፈሳል። ምድጃ ውስጥ እንጨት ብታጭቅበት ጭሱ ይበዛል እንጂ ነበልባሉ አይጨምርም፤ ሞተሩም እንደዚያው ነው።

እኔ የወሰድኩበት ጋራዥ ያለው ሰውዬ ይህን አያውቅም። ስሙን አልጠራም። በወሬ ግን የከተማው አንደኛ ነው። አንድ ጊዜ ጋዝ ሰጥቶ አዳመጣትና «ቤንዚን አንሷታል» አለኝ። ካርቡሬተሩን ፈታ። ከመሃሉ ትንሽ የነሐስ ብሎን አወጣ። ጄት ይሏታል፣ መሃሏ ላይ ከመርፌ የቀጠነ ቀዳዳ አላት። ጋዝ ሰጥተህ ስትሄድ ሞተሩ ቤንዚን የሚያገኘው በእሷ በኩል ነው። ሰውዬው ከአሮጌ የፍሬን ገመድ አንድ የብረት ክር መዞ ቆረጠ። ክሩን ቀዳዳዋ ውስጥ ከትቶ ወዲያና ወዲህ ሞረደው። ከዚያ ወደ ፀሐይ አንስቶ በአንድ ዓይኑ አያትና «አሁን ተከፈተች» አለኝ፣ ደስ ብሎት።

መክፈቱስ ከፍቷታል። ድሮም ቤንዚን የበዛባትን ጭራሽ አሰጠማት። ካንዴላዋ በየሰሞኑ ትጠቁራለች፣ ጧት ጧት ጎረቤት ሳልቀሰቅስ አላስነሳትም። መልሼ ወሰድኳት። አሁን ደግሞ «ፋሻው አልቋል፣ ፒስተኑ ይቀየር» ሆነ። ፋሻ የሚሉት ፒስተኑን የሚከቡትን ቀለበቶች ነው። ፒስተን፣ ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን፣ የእጅ ዋጋ ተብሎ ሲደመር የስኩተሯን ሩብ ዋጋ ያህላል። ከፈልኩ። አሮጌውን ዕቃ ስጠኝ ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን ይሠራልሃል?» አለኝ። የራሴ ዕቃ አይደለም እንዴ! ተጨቃጭቀን ተቀበልኩትና እቤት ወስጄ በቤንዚን አጠብኩት። ጭረት የለበትም። ፋሻዎቹም ምንም አልሆኑም። አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል፣ ሞተር ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያያል። አዎ፣ ዛሬ ሰው ሞተሩን የሚያመጣው እኔ ጋ ነው። ግቢዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ይመስላል፣ ባለቤቴን ጠይቃት።

አንተ እንዲህ አድርግ። ከወንበሩ ሥር ያለውን የሄልሜት ሳጥን ስታነሳው ካርቡሬተሩ ወለል ብሎ ይታይሃል። አጠገብህ የቡና ከሰል ካለ መጀመሪያ አስነሳው፣ ቀልድ አይደለም። ከታች ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን አላላና ውስጥ ያለውን ቤንዚን በጠርሙስ ተቀበል። ከዚያ የታችኛዋን ጎድጓዳ ፍታ፣ ጄቷ እዚያው መሃል ላይ ናት። ካቻቢቴህ በልኳ ይሁን፤ ነሐስ ለስላሳ ነው፣ አፏ ከተበላ አትወጣልህም። ላይዋ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይጠባል። እኔ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ከነበረችው ዝቅ ዝቅ ያሉ ጄቶች በሰው አስገዛሁ። አንዷን አስገብቼ ዳገት እወጣለሁ፣ ካንዴላዋን ፈትቼ አያለሁ፣ ከጠቆረች ቀጣዩዋን አስገባለሁ። ቡናማ ስትሆን አቆምኩ። በዚያኑ ቀን ስኩተሯ ሌላ ሆነች! አንድ ትልቅ ሰው ከኋላ ጭኜ፣ ድሮ በእግሬ እየገፋሁ የምወጣውን ዳገት ወጣሁት።

ባሕር ዳር ያላችሁም ይህን እያነበባችሁ ከሆነ፣ እናንተ 1,800 ሜትር ላይ ስለሆናችሁ ያን ያህል መውረድ አያስፈልጋችሁም።

አደራ የምልህ ግን አለ። ለማርቆስ ያስተካከልካትን ስኩተር ይዘህ ዝም ብለህ አባይ በረሃ እንዳትወርድ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ታች ስትደርስ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ያው የምታውቀው ነው። ያኔ ቤንዚን የምር ያንሳታል። ካንዴላዋ ትነጣለች፣ ሞተሩ ይግላል፣ በዚያ ላይ የጎሐ ጽዮን ዳገት ይጠብቅሃል። ፒስተን የሚበላው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ትልቋን ጄት በላስቲክ ጠቅልለህ ያዝ፣ ደጀን ላይ ቆመህ ቀይራት።

3. ሮለርና ቺንጋ። ጄቷ ተስተካክላ ዳገቱ አሁንም ከከበዳት በግራ በኩል ያለውን ረጅም ሽፋን ክፈት። ከፊት ቫሪዬተሩ አለ፣ ማርሹን በራሱ የሚቀያይርላት እሱ ነው፤ ውስጡ 6 ሮለሮች፣ ትንንሽ ክብ ክብደቶች፣ አሉ። ጎናቸው ተበልቶ ጠፍጣፋ ከሆኑ አውጥተህ ጣላቸው። ቀለል ያሉ ካስገባህ ሞተሩ ቶሎ ዙር ስለሚያነሳ ዳገት ትወዳለች። የእኔዎቹ 13 ግራም ነበሩ፣ በ11 ቀየርኳቸው። ሜዳ ላይ የጫፍ ፍጥነቷ ትንሽ ቀንሷል። ታዲያ ጎጃም ውስጥ በጫፍ ፍጥነት የት ልሄድ ነው? ቫሪዬተሩን የያዘውን ዳዶ ስትፈታ እንዳይዞርብህ ብለህ ካቻቢቴ በማራገቢያው ክንፎች መሃል እንዳትሰካ፣ ይሰበራሉ። ጎሚስታ ቤት ያለው የአየር ቁልፍ በአንድ ጊዜ ይፈታልሃል። ቺንጋዋ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የምታደርስ ቀበቶ ናት፤ ግሪስ የሚባል ነገር አጠገቧ አይድረስ። ቺንጋ ልታስመጣ ከሆነ ደግሞ ጀርባዋ ላይ የታተመውን ቁጥር አንብብ። 743 20 30 የሚል አለ፣ 842 20 30 የሚልም አለ። ሻጩ «ለስኩተር ነው» ብሎ ብቻ ከላከልህ በእርግጠኝነት የማይሆንህን ነው የሚልክልህ።

ጧት የማትነሳው በቫልቭ፣ ማለትም ለሞተሩ አየር በሚያስገባና ጭስ በሚያስወጣ በር፣ ምክንያትም ሊሆን ይችላል። የቫልቩ ክፍተት ሲጠብ ቀዝቃዛ ሞተር አይነሳም፣ የማርቆስን ጧት ደግሞ ታውቀዋለህ። ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ ክፍተቱን ለካ፣ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን። የአየር ፊልትሮዋንም አትርሳ። በውቂያ ሰሞን ገጠር ለገጠር ከሄድክ የጤፍ እብቁ ይሞላዋል። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና እጠበው፣ ጥላ ላይ አድርቀው፣ ዘይት ጠብ አድርገህ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው።

ነዳጅ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን መቅዳትህ አይቀርም፣ ሁላችንም እንቀዳለን። ብዙው ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገህ ጠብቅ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ምልክቱ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት የቅባት ነጠብጣብ ትቶ ይቀራል። ሻጩ ፊት ነው የማደርገው፣ ይቀየማል፣ ይቀየም።

አሁን ወደ ቀለሙ። ስኩተሯ ሰማያዊ ብትሆንልኝ ብለሃል። ያምራል። ግን ቀለሟ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሊብሬው ቀይ እያለ አንተ በሰማያዊ ብትመጣ ትራፊኩ ቀና አድርጎ አያይህም። ስለዚህ መጀመሪያ አሳውቅ፣ ከዚያ ቀባ። እኔ በሥርዓቱ ነው የሄድኩት፣ ያተረፍኩት ግን መጉላላት ነው። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ስልኳን እያየች «ማመልከቻ» አለችኝ። ጻፍኩ። «በዚህ ወረቀት አይደለም።» በሌላ ጻፍኩ። ሲስተም የለም። ኃላፊው ስብሰባ ነው። ነገ ና። ከኋላዬ የልጃቸውን ባጃጅ ጉዳይ ይዘው የመጡ እናት ነበሩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በትሕትና ቢጠይቋት «አንቺ ውጪ ጠብቂ» አለቻቸው። እናቷን የሚያክሉ ሴት! እኔ የራሴን ጉዳይ ትቼ ተቆጣሁ፣ ወረቀቴም በዚያው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ብትናደድም እዚያ መስኮት ላይ እንዳትናደድ።

ፈቃዱ በስንት መከራ ወጣ። ከዚያ ቀለም ቀቢው ሌላ ጣጣ አመጣብኝ። በመርጫው የሻንሲ ቁጥሩን ጭምር ሸፍኖት ኖሯል። ለምርመራ ስወስዳት ሰውዬው በባትሪ እያበራ ፈለገ፣ ፈለገና «ይህ ቁጥር አይነበብም፣ ውሰዳት» አለኝ። ቀቢው ጋ ስመለስ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ሊያሸው ተነሳ። እጁን ያዝኩት። ቁጥሩን ፈገፈገ ከተባልክ የሌባ ዕቃ ይዘሃል ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲያ የሚሰማህ የለም። ጨርቅ ላይ ትንሽ ቲነር አድርጌ ራሴ ቀስ እያልኩ ቀለሙን አነሳሁት፣ ቁጥሩ ፍንትው ብሎ ወጣ። አንተ ከመቀባትህ በፊት የሻንሲውንም የሞተሩንም ቁጥር በፕላስተር ሸፍነህ ስጠው። በእኔዋ ላይ የሻንሲው ከእግር መርገጫው ሥር ነው፣ በአንተዋ ፈልገው።

መብራቱ ቀላል ነው። በብዙዎቹ ላይ የፊት መብራቱ ኃይል የሚያገኘው በቀጥታ ከሞተሩ ነው። ኤልኢዲ ብትሰካበት ሞተሩ ቀስ ሲል ይርገበገባል። መስመሩን ከባትሪው አምጣው፣ መሃል ላይ ፊውዝ አስገባ፣ መገጣጠሚያውን በናስትሮ አጥብቀህ ጠቅልል። ክረምት ላይ ውኃ የሚገባው እዚያ ነው። ማርሚታውን ቆርጠህ ድምፅ ለማስጮህ ካሰብክ ግን እኔን አትጠይቀኝ። ጉልበት አይጨምርም፣ ያስተካከልከውን ጄት ያበላሽብሃል፣ ቄስ ጎረቤት ካለህ ደግሞ ወየውልህ።

በዚህ ቅዳሜ ካንዴላዋን ፍታና ፎቶዋን ላክልኝ። ጄቷንም ስታወጣ ቁጥሯን ጻፍልኝ። እኔ ጋ የተረፉ አሉ፣ ከገጠመችህ መጥተህ ውሰድ። የአንተዋን ጄት ግን እባክህ በሽቦ እንዳትነካት።