መልስ፦ የእርግዝና ስኳር ከወሊድ በኋላ ከጠፋ ለምን ክትትል ያስፈልጋል?

እህቴ፣ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ስላሉት፣ ፒማ ስለሚባሉት የአገሩ ነባር ተወላጆች እናቶች ነው የጠየቅሽው። «ስኳሩ ከወለዱ በኋላ ከጠፋ ክትትሉ ለምን? ነገሩስ የዘር አይደለም ወይ?» ብለሻል።

ዘር ድርሻ አለው፤ ብቻውን ግን አይደለም። ፒማዎች በሚኖሩበት በሂላ ወንዝ ማኅበረሰብ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የተካሄደ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ የአንድ ቤት ልጆችን አነጻጸሩ። እናትየው ስኳር ከያዛት በኋላ የተወለደው ልጅ፣ ቀደም ብሎ ከተወለደው ወንድሙ ይልቅ በዓይነት 2 የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሉ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። አባትየው ሲያዝ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ጣጣው ከዘር ባሻገር ማኅፀን ውስጥም ይጀምራል። በእናት ደም ያለው ስኳር በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ስኳርን የሚቀንሰው ሆርሞን፣ ኢንሱሊኗ ግን አያልፍም። የፅንሱ ቆሽት ያንን ሁሉ ስኳር ለመቋቋም ገና ሳይወለድ ከአቅሙ በላይ ይሠራል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ አድጋ ስታረግዝ ያው ነገር ሊደገም ይችላል።

እናቶቹን መውቀስ ግፍ ነው። ፒማዎች ጎበዝ ገበሬዎች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰፋሪዎች ወንዙን ከላይ ጠለፉባቸው፣ እርሻው ደረቀ፣ በኋላም የመንግሥት ዱቄት፣ ስብና ስኳር ተተካ።

ስኳሩ ቢጠፋም በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ነው ክትትሉ የሚያስፈልገው። አንቺ የምትከታተያት እናት ካለች፣ ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ ትመርመር። ውጤቱ ደህና ቢሆንም በየ1 እስከ 3 ዓመቱ ትድገመው። ጡት ማጥባቷንም አበረታቻት፤ ለእሷም ስኳሩ እንዳይመለስ ያግዛል።