የኢንሹራንስ ታክስ ሥራ ለምትጀምሩ ልጆች

አሜሪካ ውስጥ ሒሳብ ወይም ሕግ ተምራችሁ ወደ ኢንሹራንስ ታክስ የምትገቡ ልጆች፣ አትላንቲክ ሙችዋል የተባለው ኢንሹራንስ ኩባንያ ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ የታክስ ባለሥልጣን) ጋር የተከራከረበትን መዝገብ ሳታነቡ ሪዘርቭ (የካሳ መጠባበቂያ) አትንኩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ውሳኔውን ዳኛ ስካሊያ ጻፉት፤ የተለየ ዳኛ አልነበረም።

የንብረትና የአደጋ ኢንሹራንስ ኩባንያ ገና ላልከፈለው ካሳ ሪዘርቭ ይይዛል። እስከ 1986 ድረስ ካሳው የሚከፈለው ከዓመታት በኋላ ቢሆንም ሪዘርቩ በሙሉ ተቀናሽ ወጪ ነበር። የዚያ ዓመት የታክስ ማሻሻያ ሕግ ግን ከ1987 ጀምሮ በዛሬ ዋጋው ብቻ (ወደፊት የሚከፈለው ገንዘብ ዛሬ በሚያወጣው ልክ) እንዲያዝ አዘዘ። በሽግግሩ 100 ዶላር ወደ 85 ቢወርድ ልዩነቱ 15 ገቢ ተብሎ ሊታሰብ ነው፤ ኮንግረስ ማረው። እንዲህ ያለ ምሕረት ካለ 1986 ላይ ሪዘርቭን ማሳበጥ ያዋጣልና፣ በዚያ ዓመት «የተጠናከረው» ሪዘርቭ ከምሕረቱ ተነሥቶ ቀረ።

ኩባንያው «ማጠናከር የሚባለው የስሌት ዘዴ ሲለወጥ ነው» አለ። የትሬዠሪ (የገንዘብ ሚኒስቴሩ) ደንብ ደግሞ የተጣራ ጭማሪን ሁሉ ጠቅልሎ ያዘ። ስሌቱን በእጃችሁ ሞክሩት፦ ለ1984 አደጋዎች በ1985 መጨረሻ 100 ተይዟል እንበል። በ1986 ከዚያ ላይ 30 ተከፈለ፤ የሚቀረው 70 ነው። መዝገቡ 80 ካሳየ 10ሩ ማጠናከር ነው፤ የተጎጂው ሕመም ብሶ የተጨመረ ቢሆንም እንኳ። ጀማሪ የሚሳሳተው ጠቅላላውን ሪዘርቭ ከጠቅላላው ሲያነጻጽር ነው። የ1986 አዳዲስ አደጋዎች ከአሮጌዎቹ ጋር ይደባለቁና ቁጥሩ ትርጉም ያጣል። በአደጋው ዓመት ለይታችሁ ያዙ፤ የተከፈለውም ካሳ በዚያው አመዳደብ ከክፍያ መዝገቡ ጋር ይታረቅ።

የታክስ ፍርድ ቤቱ ለኩባንያው ፈረደ፤ የሦስተኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ሻረው። በሌላ ኩባንያ ጉዳይ ስምንተኛው ምድብ ተቃራኒውን ወስኖ ስለነበር ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መድረሱ አይቀርም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ማጠናከር» የሚለው ቃል በዚህ የኢንሹራንስ ዘርፍ የጸና ትርጉም የለውም፣ ደንቡም ምክንያታዊ ነው ብሎ ለአይአርኤስ ፈረደ። ክርክሩ የ519,987 ዶላር ነበር። ለደንብ እንዲህ ማድላትን የፈቀደው የሼቭሮን መርሕ በ2024 ተሽሯል። የአትላንቲክ ውጤት እንደጸና ነው፤ ዛሬ በሌላ ደንብ ላይ ስትከራከሩ ግን ያንን አመክንዮ ይዛችሁ አትሂዱ።

የጉድለት ማስታወቂያ፣ ማለትም አይአርኤስ «ያነሰ ታክስ ከፍላችኋል» ብሎ የሚልከው ደብዳቤ፣ ሲመጣ አስቀድማችሁ የተላከበትን ቀን እዩ። ሳይከፍሉ ወደ ታክስ ፍርድ ቤት መሄድ የሚቻለው ከዚያ ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ ነው። ካለፈ ታክሱን ከፍሎ ተመላሽ መጠየቅ፣ ካልሆነም መክሰስ ነው፤ ያም የሚሆነው በሌላ ፍርድ ቤት ነው።