«እንደ» ያለበት ሁሉ አነጻጻሪ ዘይቤ ነው?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ የ9ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «እንደ» ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ አነጻጻሪ ዘይቤ ይሉታል። «እንደ» ከሌለ ደግሞ ዘይቤ መኖሩንም አያዩም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከብያኔው አይጀምሩ። «እንደ፣ ያህል፣ ይመስል በሚሉ ቃላት የሚነገር» የሚለውን የሸመደደ ልጅ ቃሉን እንጂ ንጽጽሩን አይፈልግም። ሰሌዳው ላይ እነዚህን ይጻፉ፦ «ባቡሩ እንደደረሰ ወረድን»፤ «መምህሩ እንደነገሩን ፈተናው ሰኞ ነው»፤ «ሐረር እንደ ድሬዳዋ አትሞቅም»፤ «የከዚራ አስፋልት እንደ ምጣድ ያቃጥላል»።

የመጀመሪያው «እንደ» ጊዜን፣ ሁለተኛው የነገሩን ምንጭ ያመለክታል፤ እነዚህ ቶሎ ይለያሉ። የሚያሳስተው ሦስተኛው ነው። ንጽጽር አለው፤ ዘይቤ ግን አይደለም፤ ከተማ ከከተማ ጋር በሚለካ ሙቀት ነው የተወዳደረው። አራተኛው መንገድን ከማእድ ቤት ዕቃ ጋር ያገናኛል። መለያው ይኸው የወገን መራራቅ ነው። «ከግስ ጋር ከተጣበቀ ዘይቤ አይደለም» የሚል አቋራጭ ግን አይስጧቸው፤ «እንደተነካ የንብ ቀፎ ተንጫጩ» ያፈርሰዋል።

ቀጥሎ «እንደ»ን ያስወጧቸው፦ «የከዚራ አስፋልት ምጣድ ነው»። ተለዋጭ ዘይቤን ያገኙት እነሱው ናቸው። እዚህ ላይ ሦስት ዓምድ ያሠምሩ፦ የተነጻጸረው፣ ማነጻጸሪያው፣ የሚጋሩት ባሕርይ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከቀረ ልጁ ገምቷል ማለት ነው። አስፋልቱና ምጣዱ የሚጋሩት ግለቱን እንጂ ክብነቱን አይደለም። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች በተቀላቀሉበት ክፍል ይህ ዓምድ ይበልጥ ያስፈልጋል፦ «ሰውየው ግመል ነው» ሲባል አንዱ ቁመቱን፣ ሌላው ጥም ቻይነቱን ሊያስብ ይችላል። ሁለቱንም ይቀበሉና የትኛው እንደሚስማማ ከዐውዱ ያስፈልጉ።

ለሰውኛ ዘይቤ፣ ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ባሕርይ ለሚሰጠው፣ የከተማችሁ ወንዝ ደቻቱ ይበቃል። «ደቻቱ ቤት ወሰደ» ሰውኛ አይደለም፤ ጎርፍ በእርግጥ ቤት ይወስዳል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወስዷልም። «ደቻቱ አኩርፎ ከረመ» ግን ሰውኛ ነው፤ ማኩረፍ የሰው ነው። ፈተናው ግሱ ላይ ነው።

ፈሊጥን በዚሁ ክፍለ ጊዜ አይጨምሩ። «ሆዱ ባባ» ሦስተኛ ዓምድ የለውም፤ እንዳለ ይለመዳል እንጂ አይተነተንም። ፈተና ሲያወጡም የዘይቤውን ስም ለጠራ 1፣ የሚጋሩትን ባሕርይ ለጻፈ 2 ነጥብ ይስጡ፤ ስም ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ልጆቹን ወደ «እንደ» አደን ይመልሳቸዋል።