ስካነሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ዝርዝሩ

ሰላም እህቴ። ሌሎችም እንዲከታተሉን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። የምትሠሪበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከአንድ ቤተሰብ በሳጥን በሳጥን የታሸጉ ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፎችና አሮጌ ጋዜጦች በስጦታ ተረክቧል። ጥቂት ብራናዎች ደግሞ ከድሮም ነበሩት። አለቆችሽ "ቶሎ ስካን አድርጋችሁ ኦንላይን ልቀቁት" እያሉሽ ነው። አንቺ ከየት ልጀምር አልሽ።

ልዩ ስብስብ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁና ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ስካነሩ ይቆይ። መጀመሪያ ዝርዝር ያዙ። "ምስል 0001" እየተባለ ሃርድ ዲስክ ላይ የተከማቸ ፋይል ማንም ፈልጎ አያገኘውም። ሥራው ያለቀ ስለሚመስል ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመለከተው የለም።

ጥሩ ምስክር በእጃችን አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው ብራናዎቻችንን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን መዝግቧል። ዛሬ ተመራማሪው የትም ሆኖ የሚጠቅሳቸው ግን ፎቶ ስለተነሱ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ቁጥር አለው። እንደ ግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያሉ ሰዎች አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ቁጭ ብለው ምን እንደያዘ፣ የማን እንደነበር፣ ኅዳጉ ላይ ምን እንደተጻፈ በካታሎግ አስፍረውታል። ያ ልፋት ባይኖር ፊልሙ ጥቅል ሆኖ ይቀር ነበር።

ወደ ሳጥኖቹ እንምጣ። ስትከፍቺ እንደገና ለመደርደር አትቸኩዪ። ቤተሰቡ ያስቀመጠበት ቅደም ተከተል ራሱ መረጃ ነው። አንድ የሒሳብ ደብተር መሐል የሠርግ መጥሪያ ካርድ ብታገኚ "ይሄ ወደ ፎቶዎቹ ይሂድ" ብለሽ አታውጪው። የዚያን ወር ወጪ የሚያስረዳው እሱ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤና ፖስታውንም አትለያዪ፤ ደብዳቤው ቀን ባይኖረው የፖስታው ማኅተም ይኖረዋል። የዛገ ስፒልና የደረቀ ላስቲክ ቀስ ብለሽ አውጪ። ቁጥር የምትጽፊው በለስላሳ እርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ ክፍሉ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ ወይም ላሚኔት ማድረግ በፍጹም አይሆንም። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ሳጥን ወለል ላይ እንዳታስቀምጡ።

ለዝርዝሩ ኤክሴል ይበቃል። ዲስፔስም (ሰነድ ኦንላይን የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር) ሆነ ሌላ ሲስተም በኋላ ይመጣል። የሳጥን ቁጥር፣ የፎልደር ቁጥር፣ ምን እንደሆነ በአንድ መስመር፣ ቀን፣ የሰዎች ስም፣ ማን ማየት እንደሚችል። ይኸው ነው።

ቀኑ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ሰነዱ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፉ፤ የፈረንጁን በሌላ ዓምድ። ሁሉም ላይ 8 የሚደምር ሠራተኛ አይጠፋም። ታኅሣሥ 10 ቀን 1953 ዓ.ም. የተጻፈ ደብዳቤ እ.ኤ.አ. የ1960 እንጂ የ1961 አይደለም። ያ ወር የመንግሥት ግልበጣ ሙከራው ወር ነው፤ በአንድ ዓመት ስታሳስቱት ደብዳቤው ትርጉሙን ያጣል። ስምንም በእኛ ሥርዓት መዝግቡ፤ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወደፊት አታምጡ። ፊደሉን ደግሞ አንዱ "ኃይለ ሥላሴ" ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው "ሀይለ ስላሴ" ብሎ። ኮምፒውተሩ አንድ መሆናቸውን አያውቅም። ስለዚህ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል አንድ ወጥ አጻጻፍ ያለው ዓምድ ጨምሩ። እኔ ከሁሉ በላይ የምወተውተው ይህን ነው፤ ተማሪ "የለም" ተብሎ ሲመለስ እቃው መደርደሪያው ላይ ሆኖ ያውቃልና።

ፎቶግራፍ ካለ ለነገ አትበሉ። የቤተሰቡን ትልልቅ ሰዎች ጥሩና ቡና አፍልታችሁ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳዩአቸው። "ይሄ አጎቴ ነው፣ ይቺ ጎረቤታችን" የሚለውን በስልክ ቅዱት። በኋላ ስማቸውን የሚነግራችሁ ሰው አይገኝም።

አሁን ማጋራቱ። መጀመሪያ የስጦታ ውሉን ፈልጊ። ከሌለ ቤተሰቡ በሕይወት እያለ ይፈረም። ብዙ ሰው ወረቀቱን ከተረከበ መብቱንም የተረከበ ይመስለዋል። የደብዳቤ የቅጂ መብት ግን የጸሐፊው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የሐኪም ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ክርክር፣ በሕይወት ያለ ሰው ገመና ያለበት ነገር ሲያጋጥማችሁ ዝርዝሩ ላይ "ለጊዜው የተዘጋ" ብላችሁ መቼ እንደሚከፈት ጻፉ። መኖሩን መደበቅ ግን አያስፈልግም።

ብራናዎቹን በተመለከተ መነሻቸውን ሳታጣሩ አንዲት ገጽ እንኳ ኦንላይን አትልቀቁ። መጀመሪያና መጨረሻ ቅጠሎቹን አንብቡ፤ ግዕዝ የሚያነብ ሰው አስጠሩ። "ዝንቱ መጽሐፍ ዘ..." (ይህ መጽሐፍ የ...) ብሎ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ስም ከተከተለ፣ ከሥሩም "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ" (የሰረቀውና የፋቀው) የሚለው ግዝት ካለ፣ ባለቤቱ ማን እንደነበር መጽሐፉ ራሱ እየነገራችሁ ነው። ያን ስም የፋቀው ሰው ካለም የተፋቀበትን ቦታ መዝግቡ። ከዚያ ደብሩን አፈላልጋችሁ አነጋግሩ። መጽሐፉ ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ዕድል ካለ ዩኒቨርሲቲው ደስ ብሎት ሊመልስ ይገባል፤ በዚህ ጉዳይ አቋሜ ጽኑ ነው። አያያዙ ላይ ንጹሕና ደረቅ እጅ ከጓንት ይሻላል፤ ጓንት ቅጠሉን ይጎትታል። ማኅደሩ (የመጽሐፉ የቆዳ ማስቀመጫ) ጠባብ ከሆነ መጽሐፉን ደጋግማችሁ አታስገቡ አታውጡ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ ሳጥን አኑሯቸው።

ይህ ሁሉ ከተያዘ ስካኑ ቀላል ነው። ዋናው ቅጂ በቲፍ (ጥራቱ የማይቀንስ የምስል ፋይል)፣ ከ300 እስከ 400 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ)፤ ለተጠቃሚ ቀለል ያለው ጄፔግ። የፋይሉ ስም የሳጥኑና የፎልደሩ ቁጥር ይሁን። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ።

አለቆችሽ "ታዲያ እስከዚያ ምን እናሳይ?" ካሉሽ ዝርዝሩን ልቀቂው። እሱ ብቻውን ተመራማሪ ይጠራል። ምን ቀድሞ ስካን መደረግ እንዳለበትም ከሚመጣው ጥያቄ ታውቂያለሽ። ጋዜጦቹ በስብሰው እየተፈረፈሩ ካልሆነ ወደ ኋላ ይቆዩ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመ ጋዜጣ ነው፤ ሌላ ቦታም ተቀምጧል። ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን)ና ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ምን ምን እትም እንዳላቸው ጠይቁና እነሱ ዘንድ ከጎደለው ጀምሩ።