ከትርፍ ወይስ ከጉድለት? ከአንድ ጡረተኛ የሒሳብ ባለሙያ ለወጣት ምእመናን

ውድ ልጆቼ፣

ሠላሳ አራት ዓመት በሒሳብ ሥራ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከዚህም ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የሚሆነውን በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ አንዴ በቁጥጥር፣ አንዴ በሒሳብ ሹምነት አገልግያለሁ። ሰባኪ አይደለሁም። ስለ መስጠት የምጽፍላችሁ ከመዝገብና ከደረሰኝ አጠገብ ተቀምጬ ያየሁትን ነው።

በሒሳብ ቤት ሁለት ቃላት ከአፍ አይወርዱም፤ አንዱ ትርፍ፣ ሁለተኛው ጉድለት። ትርፍ ሲገኝ የሁሉም ፊት ይበራል፤ ጉድለት ሲገኝ ግን ገንዘብ ያዡን ላብ ያጠምቀዋል፣ አጣሪ ኮሚቴም ይቋቋማል። በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 12 መጨረሻ ላይ ጌታ በመዝገብ አንጻር ተቀምጦ ሕዝቡ ገንዘብ ሲጥል ይመለከት እንደ ነበር ሳነብ፣ ሁለቱን የሙያዬን ቃላት እዚያው አገኘኋቸው። ባለጠጎቹ ብዙ ጣሉ፤ ድሀዪቱ መበለት ደግሞ አንድ ሳንቲም የሚያህሉ ሁለት ናስ ጣለች። ጌታም እነዚያ ከትርፋቸው እንደ ጣሉ፣ እርሷ ግን ከጉድለቷ «ትዳርዋን ሁሉ» እንደ ጣለች ለደቀ መዛሙርቱ ነገራቸው። ዛሬ «ትዳር» የሚለውን ቃል ለጋብቻ ብቻ ስለምናውለው ክብደቱ ያመልጠናል እንጂ፣ የድሮ ሰው ትዳር ሲል መተዳደሪያውን፣ ነገ የሚበላውን ማለቱ ነበር። እኔ በተማርሁት የሒሳብ ትምህርት ደግሞ ከጉድለት ላይ ወጪ አይደረግም።

ይህን ቃል በልጅነቴም ሰምቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን በ1994 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በንግሥ በዓል ዕለት ለአዲሱ ሕንፃ ማሠሪያ በጥልፍ ያጌጠች ጃንጥላ ለጨረታ ቀረበች። ከመሥሪያ ቤቴ የዓመቱን ጉርሻ የተቀበልሁት በዚያው ሰሞን ስለ ነበር ዋጋውን ከፍ ከፍ እያደረግሁ ሄጄ በ5,000 ብር አሸነፍሁ። ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ባለቤቴም ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ፈገግ አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያ ገንዘብ ከቤቴ አስቤዛ አንዲት ኪሎ ሽንኩርት አላጎደለም። ብሰጠውም ባልሰጠውም የእኔ ኑሮ ያው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሙዳየ ምጽዋት ቆጠራ ነበረን። ሣጥኑ በሦስት ሰው እጅ ባሉ ሦስት ቁልፎች ተከፈተና ገንዘቡ በሰሌን ላይ ተዘረገፈ፤ የላብና የዕጣን ሽታ ያለባቸው የተጨማደዱ ብሮች፣ ሰም የነካቸው ሳንቲሞች። ከመካከላቸው ከነጠላ ጫፍ የተቀደደች የምትመስል፣ ጥበቧ የወየበ አንዲት ቋጠሮ ጨርቅ ወጣች። ቋጠሮው ጠብቆ ስላስቸገረኝ በምላጭ ልቆርጠው ስል ቄሰ ገበዙ እጄን ያዙና፣ «ፍታው እንጂ አትቁረጠው፤ እርሷስ ስትቋጥረው ቸኩላ መሰለህ?» አሉኝ። በጥፍሬ እየታገልሁ ፈታሁት። ባለ ሃምሳ፣ ባለ ሃያ አምስትና ባለ አሥር ሳንቲሞች፣ አንዲትም ባለ አምስት፤ ሲደመር 4 ብር ከ35 ሳንቲም። ማን እንደ ሆነች አላወቅሁም፣ እስከ ዛሬም አላውቅም። ያ ገንዘብ በየዕለቱ እየተለየ የተጠራቀመ መሆኑን ለማወቅ ግን የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ለካ ይህን ነገር በቤታችን አይቼው ኖሯል። እናቴ ጥጥ ፈትላ የምታድር ሴት ነበረች፤ ስንዴ ስትገዛ ለቤት ከመፈጨቱ በፊት ለመገበሪያ፣ ማለትም ለቅዳሴው ኅብስት፣ የሚሆነውን አንድ በአንድ ለቅማ በተለየ ቁና ታስቀምጠው ነበር። ነቀዝ የነካው፣ የተሰበረው፣ እንክርዳድ የተቀላቀለበት ለእኛ ነው። በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ይህ ያናድደኝ ነበር፤ ዛሬ ግን የበኩራት፣ የመጀመሪያውን ለእግዚአብሔር የመስጠት፣ ትርጉም እርሱ እንደ ሆነ ገብቶኛል። እናቴ ለእግዚአብሔር የምትሰጠውን በመጀመሪያው መስመር ትጽፈው ነበር፤ እኔ የተማርሁት ሰውዬ ግን ወጪዬን ሁሉ ከቀነስሁ በኋላ ከሚገኘው ቀሪ ሒሳብ ላይ እፈልግ ነበር። ቀሪ ሒሳብ ደግሞ፣ ደመወዝተኛ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በወሩ መጨረሻ ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው።

እኛ ያደግነው ቤተ ክርስቲያን በጉልትና በሰሞን መሬት፣ ለእርሷና ለአገልጋዮቿ መተዳደሪያ በተሰጠ መሬት፣ በምትኖርበት ዘመን ስለ ነበር፣ ከእናቴ ዓይነቶቹ በቀር ብዙው ምእመን ካህን የሚተዳደርበት ነገር የእርሱ ጉዳይ አይመስለውም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆኖ ሲታወጅ፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ያ ሁሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጅ ወጣ። ሰበካ ጉባኤን የሚያደራጀው ቃለ ዓዋዲ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በ1965 ዓ.ም. ወጥቶ ባይቆይ ኖሮ እንዴት እንደሚኮን አላውቅም። ፓትርያርኩ ራሳቸው በ1968 ዓ.ም. ታሰሩ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ የተከሉት ሥርዓት ግን ቅዳሴው እንዳይታጎል አደረገ። በየወሩ ሃምሳ ሳንቲም ይዛ ወደ ጽሕፈት ቤቱ የምትሄደው እናቴ አንድ ቀን፣ «እስከ ዛሬ መሬቱ ነበር የሚያስቀድሰን፤ አሁን ተራው የእኛ ነው» ስትል ሰምቻታለሁ። በዚያን ጊዜ ወጣት ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ደጅ መታየት በቀበሌ የሚያስጠይቅ ነገር ስለ ነበር፣ ለአንዳንዱ ጓደኛዬ መሥዋዕቱ ገንዘብ ሳይሆን የሥራ ዕድገቱ ነበር። እኔ በዚያ ጊዜ ጠንቃቃ ነበርሁ፤ ጥንቃቄ ማለት በዚህ ቦታ ምን እንደ ሆነ እናንተው ፍረዱት።

ይሁንና አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ሙያዬ ይታዘበኛል። በማርቆስ ወንጌል ከመበለቲቱ ታሪክ በፊት ያለውን ቁጥር አንብቡት፤ ጌታ የመበለቶችን ቤት ስለሚበሉና ጸሎታቸውን በማስረዘም ስለሚያመካኙ ጻፎች ተናግሮ ገና አፉን ሳይዘጋ ነው እርሷ የመጣችው። ከጉድለት የተሰጠ ገንዘብ ተቀባዩን የሚያስጨንቅ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ ጠይቁ፣ ሒሳቡ ተመርምሮ በጉባኤ ፊት እንዲነበብ ጠይቁ፤ ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። ካልሰጠህ በረከት አታገኝም፣ ከሰጠህ መኪና ታገኛለህ እያለ የሚያስጨንቃችሁን ሰው ደግሞ ከሩቅ ሸሹት። ቅዱስ ጴጥሮስ ሐናንያን የገሠጸው መሬቱን ሁሉ ስላልሰጠ አልነበረም፤ ሳይሸጠውም ከሸጠውም በኋላ በእጁ እንደ ነበረ ነግሮት፣ የወቀሰው ስለ ውሸቱ ነው። የእናታችሁን የመድኃኒት መግዣ «ቁርባን ነው» ብላችሁ ብታመጡትም ጌታ በዚያው በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 7፣ በመባ አሳብቦ እናት አባትን ከመርዳት መሸሽ እንደማይገባ አስቀድሞ መልሶላችኋል። መሥዋዕቱ ከራስ ጉሮሮ ነው እንጂ ከሰው ጉሮሮ አይደለም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ ገንዘብ ማስተላለፍ ትችላላችሁ፤ ቅዳሴው ሳያልቅ ብሩ ይደርሳል፣ እናንተ ግን አትደርሱም። በዓረብ አገር በሰው ቤት ከሚሠሩ እኅቶቻችን የሚመጣውን ግን ከዚህ ጋር አልደምረውም፤ በደረሰኙ ላይ የክርስትና ስማቸው ብቻ እንዲጻፍ አደራ ብለው ለተወለዱበት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ መግዣ የሚልኩትን ሳየው ያች ቋጠሮ ትታወሰኛለች፤ እነርሱ መምጣት ቢፈልጉ እንኳ በር የሚከፍትላቸው የለም። እኔ የምለው በሁለት ፌርማታ ርቀት ላይ ያላችሁትን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ መቄዶንያ ምእመናን ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ በድህነታቸው መካከል ከዓቅማቸው በላይ መስጠታቸውን ብቻ አይደለም ያደነቀው፤ አስቀድመው ራሳቸውን ለጌታ እንደ ሰጡ ይናገራል። የሕንፃ መሐንዲስ ሆነው ሳለ አሠሪው ኮሚቴ በባለሙያ እጦት ዓመት ሲጉላላ አንድ ቀን ብቅ ያላሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ ግን ዳጎስ ያለ ብር የሰጡ ሰዎች አውቃለሁ። እኛ ብሩን በደስታ ተቀበልን፤ ደረጃው ግን ተጣሞ ተሠራ፣ እስከ ዛሬም አሮጊቶቹ ግድግዳ እየተደገፉ ይወጡበታል።

ንጉሥ ዳዊት የኦርናን አውድማ በነፃ ውሰድ ሲባል፣ ዋጋ ያልከፈልሁበትን መሥዋዕት ለአምላኬ አላቀርብም ብሎ በ50 ሰቅል ብር ገዛው። ለእናንተ ትውልድ ውዱ ነገር ብር ይሁን ጊዜ እርግጠኛ አይደለሁም። እኔ ስመለከታችሁ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላችሁ ከብራችሁ የሚወደድ ይመስለኛል፤ ለዚህም ነው እርሱን የምለምናችሁ።

ቆጠራው አሁንም በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ነው። የሒሳብ ትምህርት ያላችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል፤ የሌላችሁም ሳንቲም ለመለየት አታንሱም። ሰሌኑ ላይ ስለምንቀመጥ ጉልበታችሁን ያዙ፣ ጥፍራችሁንም በዚያ ሳምንት አትቁረጡ፤ ቋጠሮ አሁንም ይመጣል፣ የእኔ ዓይን ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም።