የእንግሊዝኛው «ስኬርስ» (scarce)፦ «እጥረት» ከማለት «ጠፋ» ማለት ይቀርበዋል

«ስኬርስ ማለት እጥረት ከሆነ፣ ውሃ አጥሮናል ለማለት ‹ዊ አር ስኬርስ ኦፍ ዋተር› ብዬ ብጽፍ ልክ ነኝ?» ላልሽው እህቴ፦ ልክ አይደለም። ግን አይክፋሽ፣ እኔም ዓመታት እንደዚያው ስጽፍ ኖሬያለሁ።

ያሳሳተን «እጥረት» የሚለው ትርጉም ነው። እጥረት ስም ነው፤ ስኬርስ ግን ቅጽል ነው፣ የሚነገረውም ስለጠፋው ነገር እንጂ ስለቸገረው ሰው አይደለም። «ዋተር ኢዝ ስኬርስ» ትያለሽ። «እኛ» ብለሽ መጀመር ከፈለግሽ «ዊ አር ሾርት ኦፍ ዋተር» ነው። ስም ካስፈለገሽ ስኬርሲቲ ወይም ሾርቴጅ አለልሽ።

ለእኔ የተገለጠልኝ እጥረትን ትቼ «ጠፋ» በሚለው ማሰብ ስጀምር ነው። «ውሃ ጠፋ» ስንል ከምድር ላይ አለቀ ማለታችን አይደለም፤ ብንፈልገው በበቂ አናገኝም ማለታችን ነው። ስኬርስም ያው ነው። የሚገርመው ለሰውም መሥራቱ ነው፦ «ሜክ ዩርሰልፍ ስኬርስ» ካሉሽ «ከዚህ ጥፊ» ማለታቸው ነው። ቁርጥ የእኛው ግስ!

ከሬር ጋርም አታምታቺው። ሬር ቁጥሩ ያነሰ ወይም ብዙ የማይገጥም ነው፣ ፈላጊ ኖረውም አልኖረውም። ስኬርስ ለመባል ግን ፈላጊ ያስፈልጋል። በጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ በሽታ «ሬር ዲዚዝ» ይባላል፤ «ስኬርስ ዲዚዝ» ብትዪ ግን በሽታ ፈልገሽ ያጣሽ ይመስላል።

ኢኮኖሚክስ የምትማሪ ከሆነ አንድ ልጨምር። ስኬርሲቲ የሰው ፍላጎት ካለው ሀብት ስለሚበልጥ ሁሌም ያለ ነው፤ ኢኮኖሚስቱ ሊዮኔል ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1932 ለትምህርቱ በሰጠው ዝነኛ ፍቺ ውስጥም ስኬርስ የሚለው ቃል አለ። ሾርቴጅ ግን በአንድ ዋጋ የሚፈለገው ከሚቀርበው ሲበልጥ የሚመጣ ነው፣ ዋጋው ከፍ ሲል ሊወገድ ይችላል። በአማርኛ ሁለቱንም «እጥረት» ስለምንላቸው ፈተና ላይ ስንቱን ጥለዋል።

አነባበቡ «ኬር» እንደምትዪው ነው። «ስካርስ» ካልሽው ጠባሳዎች ወደሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ይጠጋብሻል።

ከሁሉ በላይ የምፈራልሽ ስኬርስሊን ነው። አንድ ጊዜ በሥራ ሪፖርት ላይ ወረቀት በቁጠባ እንጠቀማለን ለማለት «ዊ ስኬርስሊ ዩዝ ፔፐር» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አነበቡና «ታዲያ የማትጠቀሙበትን ወረቀት ለምን ትጠይቃላችሁ?» አሉኝ። ለካ ስኬርስሊ «እምብዛም አይደለም» ማለት ነው፣ አሉታውን በሆዱ ይዟል። ስለዚህ «ኖት» አይጨመርበትም። እኔ ያጣሁት ቃል «ስፔሪንግሊ» ነበር።